ቀብዱ ከማሩ ቀድሞ ይድረስ
የጠጅ ቅምሻ ወንበር በኦንላይን ለመሸጥ ሶፍትዌር ስንመርጥ

ሙየንጋ ውስጥ ጠጅ የምናስቀምስ አራት ሴቶች ነን። ዋናው ሥራችን ይህ አይደለም። ከአዲስ አበባ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጌሾና ቡና እያመጣን ለካባላጋላና ለካንሳንጋ ምግብ ቤቶች፣ እንዲሁም ለየቤተሰቡ እናከፋፍላለን። ቅምሻው የመጣው በጌሾው በኩል ነው። ጌሾ የሚገዙን ደንበኞች «ጠጁንስ ለምን ራሳችሁ አትጥሉትም?» እያሉ ይወተውቱን ነበር፤ ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠጅ ሲጥሉ የኖሩ ናቸው። አሁን ሐሙስና ቅዳሜ ማታ፣ ከታንክ ሂል ዝቅ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ምሽት እስከ 20 ሰው እናስተናግዳለን። ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ጠጅ በተራ ይቀርባል። ለማይጠጣና ለልጆች በዕለቱ የተበረዘ ብርዝ አለ። ትንሽ ምግብ ይከተላል፤ መጨረሻ ላይ ቡና ይፈላል።

እንግዳው ሲበዛ ቦታ የሚያስይዘውን ሰው በምን እንመዝግበው የሚለው ጥያቄ መጣ። «ደብተር አይበቃም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። ብቻዋን ለምትሠራ ሴት ይበቃል። እኛ ግን ወንበሩን የምንሸጠው በአራት ስልክ ነው። አንዷ ኪኩቦ ዕቃ እያስጫነች ስልክ ታነሳለች፤ ሌላዋ ኢንቴቤ ሻንጣ እየጠበቀች ታነሳለች፤ ደብተሩ ግን ያለው እትዬ ጓዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለሚደውለው ሁሉ መልሳችን «ቆዩ፣ ጠይቄ ልደውልሎት» ነበር። ካምፓላ ውስጥ ደግሞ «ልደውል» የተባለ ደንበኛ አይጠብቅም፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ሌላ ቤት ይይዛል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ስንፈልግ አየን። በዓለም ላይ ለዚህ ሥራ ተብለው የተሠሩት ሶፍትዌሮች የበዙት ለወይን ጠማቂዎች ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚገኘው ናፓ ሸለቆ በ1990 ባወጣው ደንብ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) ከዚያ ወዲህ የሚቋቋሙ የወይን መጥመቂያዎች እንግዳ የሚያስቀምሱት በቀጠሮ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። የኮሮና ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ድሮ በራቸውን ከፍተው የሚጠብቁትም ወደ ቀጠሮ ዞሩ። ወንበር እንደ ቲያትር ትኬት አስቀድሞ ተከፍሎበት የሚሸጥ ነገር ሆነ። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተባሉትን ጠርሙሶች ለገበያ ካወጣ ወዲህ፣ የአዲስ አበባ አስጎብኚዎች የወይን እርሻውን ከሐይቁ ጋር አጣምረው እንግዳ ይወስዳሉ። (እርሻውን ከጉማሬና ከዘንዶ ለመጠበቅ ዙሪያውን ቦይ እንደተቆፈረ የውጭ ጋዜጦች ጽፈዋል። ይህን ለካምፓላ እንግዶቻችን ስንነግር ከጠጁ ይልቅ የሚያስታውሱት እሱን ነው።) እኛም ከጠጁ ጎን አልፎ አልፎ አንድ ጠርሙስ አካሺያ እንከፍታለን። የቀረጡ ነገር ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

እንግዲህ የወይን ቤት ሶፍትዌር ለጠጅ ቤት ይሆናል ወይ? ወንበር ወንበር ነው፣ ሰዓት ሰዓት ነው ብለን ነበር የጀመርነው። ልዩነቱ ያለው ጋኑ ውስጥ ነው። ወይን በጠርሙስ ታሽጎ ዓመት ይቀመጣል፤ እንግዳ ዛሬ ባይመጣ በሚቀጥለው ወር ይከፈታል። ጠጅ እንደዚያ አይደለም። ማር በውኃ ተበርዞ፣ ጌሾ ገብቶበት፣ በካምፓላ ሙቀት ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላው ይደርሳል። ካምፓላ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ የዚያ እጥፍ ያህል ከፍ ትላለች። ስለዚህ እዚህ ቶሎ ይፈላል፣ ቶሎም ይደርቃል። ዛሬ ለስላሳ የሆነው ጠጅ ከሳምንት በኋላ መካከለኛ፣ ከዚያ በኋላ ደረቅ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የሆምጣጤ ጠባይ ያመጣል። ሦስቱን ዓይነት በአንድ ማታ ለማቅረብ ሦስት ጋን በተለያየ ሳምንት መጣል ያስፈልጋል።

ከዚህ የተነሳ እትዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፦ «ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንት ሰው ይመጣል?» የሶፍትዌር ሻጮች ስለ ቀለም፣ ስለ ፎቶ፣ ስለ ኮከብ ደረጃ ብዙ ያወራሉ። ይህን ጥያቄ ግን አንዳቸውም አላነሱልንም። ለእኛ ግን ሥራው በሙሉ እሱ ነው። በአንድ ምሽት አንድ እንግዳ ከሦስቱም ሲቀምስ በድምሩ ግማሽ ሊትር ገደማ ይጠጣል ብለን እናስላ። ሐሙስና ቅዳሜ ቢሞላ 40 ሰው፣ 20 ሊትር ጠጅ ነው። አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውኃ ከተበረዘ 4 ሊትር ማር ይፈልጋል። ማር ከውኃ ስለሚከብድ ይህ ወደ 6 ኪሎ ይጠጋል፤ አተላውና ማጥለያው የሚያስቀረውን ሳንቆጥር። 40 ሰው ይመጣል ብለን ጥለን 12 ቢመጣ ቀሪው ጋን ውስጥ ይደርቃል። 12 ብለን 40 ቢመጣ ደግሞ ለስላሳው አይደርስም፤ ያልደረሰ ጠጅ ለእንግዳ ማቅረብ እትዬ በሕይወት እያሉ አይሆንም።

ማሩ ደግሞ በዱቤ አይገዛም። ከዌስት ናይል የሚመጣልን ማር ሻጭ ገንዘቡን በስልክ ካላየ ጀሪካኑን አያወርድም። መጀመሪያ ላይ የምንገዛበት ገንዘብ የዕቁባችን ነበር፤ ዕቁብ ደግሞ ምክንያት አይሰማም፣ ቀኑ ሲደርስ ይጣላል። ስለዚህ የእንግዳው ቀብድ ማሩ ከሚገዛበት ቀን በፊት በእጃችን መግባት አለበት። ሶፍትዌር ስንመርጥ የያዝነው መለኪያ ይህ ሆነ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይህ ለምን እንደዚያ እንደከነከነን ለመናገር ያህል፦ ወንበራችንን በኮሚሽን የሚሸጥልን አንድ የኦንላይን ደላላ ነበረ። ስሙን አንጠራም። እንግዳ ያመጣልን ነበር፣ ያንን አንክድም። ገንዘቡን ግን የሚያስተላልፈው እንግዳው መጥቶ ከሄደ በኋላ፣ እሱም በወር አንዴ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ሙሉ ምሽት ሸጦልን ገንዘቡ እጃችን የገባው በስድስተኛው ሳምንት ነው። በመካከሉ ሁለት የማር ግዥና አንድ የዕቁብ ዕጣ አለፈ፤ ከመካከላችን አንዷ ለልጇ ትምህርት ቤት ያስቀመጠችውን አውጥታ ነው ጋኑ የተጣለው። የእንግዶቹን ስልክ ቁጥር ስንጠይቅ ደግሞ «የደንበኞቻችን ምስጢር ነው» ተባልን። ጠጅ የቀመሰው እኛ ቤት፣ ደንበኛው የእሱ!

ከዚያ በኋላ ስማቸው የገነነውን ሶፍትዌሮች አንድ በአንድ በዚሁ መለኪያ አየናቸው። ፌርሃርበር ከሃዋይ የተነሳ ነው፤ በ2018 ቡኪንግ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ገዛው። ወርኃዊ ክፍያ አይጠይቅም፤ በእንግዳው ዋጋ ላይ 6 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ወንበሩ 60,000 ሽልንግ ነው እንበል፤ እንግዳው 63,600 ያያል ማለት ነው። ለአሜሪካዊ ቱሪስት ምንም አይደለም። ካባላጋላ ላይ ግን 3,600 ሽልንግ የቦዳ ቦዳ መሳፈሪያ ነው፤ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ የሚደውል አለ። ቶክ የተባለው ደግሞ ከቺካጎ ምግብ ቤቶች የወጣ ነው። ወንበርን አስቀድሞ ተከፍሎበት እንዲሸጥ ያደረገ በመሆኑ ሐሳቡ ከእኛ ጋር ይገጥማል። ነገር ግን በ2021 ስኩዌርስፔስ ገዛው፣ በ2024 ደግሞ ለአሜሪካን ኤክስፕረስ ተሸጠ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ባለቤቱ ሁለት ጊዜ የተቀየረ ቤት ውስጥ የደንበኞቻችንን ዝርዝር ማስቀመጥ ለእኛ ለነጋዴዎች አይዋጥም። ሌሎችም አሉ፤ ቡኪዮ፣ ቼክፍሮንት፣ ሬዝዲ፣ ለወይን ቤቶች የተሠራው ሴላርፓስም አለ። ሁሉም ደህና ዕቃ ናቸው። ሥራቸው የሚያምርበት ቦታ ሌላ ነው እንጂ።

ማነቆው አንድ ነው፤ ብዙዎቹ ገንዘብ የሚሰበስቡት በስትራይፕ ወይም በመሰሎቹ ነው። ስትራይፕ ዩጋንዳ ለተመዘገበ ድርጅት ሒሳብ አይከፍትም፤ ለኢትዮጵያም እንደዚያው። ሶፍትዌሩ የቱንም ያህል ቢያምር የገንዘቡ በር ተዘግቷል ማለት ነው። «አሜሪካ ባለ ዘመድ ስም እናውጣው» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ዘመድ ወዳጅ ነው፣ ግን በእሱ ስም የገባ ገንዘብ ግብሩም ጥያቄውም በእሱ ስም ነው። ያንን መንገድ አልወደድነውም።

የእኛ እንግዳ የሚከፍለው በስልክ ነው። ኤምቲኤን በዩጋንዳ ሞባይል መኒ ከጀመረ ከ2009 ወዲህ ካርድ የሌለው እንኳ ሞሞ አለው፤ ኤርቴልም አለ። ስለዚህ ፍለጋችንን ገለበጥነው። መጀመሪያ ሞሞንና ኤርቴልን፣ ከዚያም ቪዛን በአንድ በር የሚሰበስብ ከፋይ ተቀባይ ፈለግን፤ ሶፍትዌሩን ከእሱ ጋር ከሚስማሙት መካከል መረጥን። ከኬንያ የተነሳው ፔሳፓል እና ፍላተርዌቭ ዩጋንዳ ውስጥ ይሠራሉ። ሁለቱም ኮሚሽን ይቆርጣሉ፤ ውል ስትፈርሙ ጠይቁ፣ ለሞባይልና ለካርድ የሚቆረጠው ለየቅል ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ከሞባይል መኒ ጥሬ ገንዘብ ስታወጡ መንግሥት ከ2018 ጀምሮ 0.5 በመቶ ይወስዳል። እኛ አናወጣውም። ማር ሻጩን ከዚያው ከስልኩ እንከፍለዋለን።

በመጨረሻ የመረጥነው ለቅምሻ ተብሎ የተሠራ ሶፍትዌር እንኳ አይደለም። ዎርድፕረስ ላይ የሚጫን ዉኮሜርስ የሚባል የሱቅ ፕሮግራም ነው፤ ራሱ ፕሮግራሙ በነጻ ነው፣ የምንከፍለው ለድረ ገጹ ማስቀመጫና ለስሙ ነው። ማካረሬ የሚማር የእህታችን ልጅ በሁለት ቅዳሜ ተከለልን። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱን ምሽት እንደ አንድ ዕቃ ቆጠርነው፣ ክምችቱም 20 ነው። እንግዳ ሁለት ሲገዛ ክምችቱ 18 ይሆናል። 20ው ሲያልቅ «አልቋል» ብሎ ይዘጋል። ኮሜርስ የተማርነው የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ ይኸው ነው፤ በርበሬ ከረጢት ለምናስገባና ለምናስወጣ ሰዎች ለመረዳት አንድ ደቂቃ አልፈጀብንም። አንድ ሰው ቦታ ይዞ ሳይከፍል ከቆየ ፕሮግራሙ እኛ በወሰንነው ደቂቃ ውስጥ ወንበሩን መልሶ ወደ ክምችት ያስገባል። በስልክ ለሚደውሉ ደግሞ አራታችንም ከየስልካችን ትዕዛዙን ራሳችን እናስገባለን። «ልደውልሎት» ማለት ቀረ።

ጉድለቱን እንናገር። ዉኮሜርስ እንግዳውን በዋትስአፕ አያስታውስም፤ ያንን አንዷ በእጇ ታደርጋለች። በየጊዜው ማደስ ይጠይቃል፤ ያልታደሰ ድረ ገጽ ለሌባ በሩን እንደከፈተ ሱቅ ነው። በቤታችሁ የሚያድስ ልጅ ከሌለ በወር እየከፈላችሁ አዘጋጅቶ የሚያቀርብላችሁን መውሰድ ይሻላል፤ ግን መጀመሪያ የገንዘቡን በር ጠይቁ።

ቀብዱን በተመለከተ፦ ከስድስት ሰው በላይ የሆነ ቡድን ከሦስት ሳምንት በፊት ግማሹን ይከፍላል፤ ሁለትና ሦስት ሆነው የሚመጡ ወንበር እስካለ ድረስ እስከ ዕለቱ መግዛት ይችላሉ። ጋኑን የምንጥለው በቡድኖቹ ቁጥር ላይ ትንሽ ጨምረን ነው። ከዐሥር ቀን በፊት ለሰረዘ ቀብዱ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲህ ከሆነ ቀኑን ማዛወር እንጂ ገንዘብ መመለስ የለም። ሒሳብ የምትይዙ እህቶች አንድ ነገር አትርሱ፤ ቀብድ ገቢ አይደለም፣ እንግዳው ጠጁን እስኪቀምስ ድረስ ዕዳ ነው። ደብተራችን ላይም በዕዳ በኩል ነው የሚጻፈው። በማር ላይ ብናውለውም ለመመለሻ የሚሆን አንድ ክፍል ሁልጊዜ ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል። ዓመታዊ ሽያጫችሁ 150 ሚሊዮን ሽልንግ ደርሶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ የግብር ደረሰኙ የሚወጣው በኢፍሪስ ነው፤ ሶፍትዌሩ የሚልከው ማረጋገጫ ደረሰኝ አይሆንም።

ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች ለብቻ ናቸው። ቴሌብር ዩጋንዳ ድረስ አይከፍልም፤ ብርን አስቀድሞ ወደ ውጭ መላክም ቀላል አይደለም። ለእነሱ «ሲደርሱ የሚከፈል» የሚል ምርጫ ከፍተናል፤ ነገር ግን ካምፓላ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ስሙን በዋስነት ይሰጣል። ማንም ሶፍትዌር የዋስ ሳጥን የለውም፤ እኛ አስገባንለት። ዋስ ያለው እንግዳ ሳይመጣ ሲቀር እስካሁን አላየንም፤ የእንግዳው አክስት ከእኛ ቀድማ ትደውልለታለች።

ሰዓቱ ራሱ ጉድ ነው። ሶፍትዌሩ «19:00» ይላል። ካምፓላ ውስጥ የሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ብሎ ያስባል። ደስ የሚለው ግን ሉጋንዳም እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ መቁጠሩ ነው፤ ለእኛ 1 ሰዓት የሆነው ለባጋንዳው «ሳዋ ኤሙ» ነው፣ አንድ ማለት ነው። ግራ የሚጋባው በእንግሊዝኛ ሲጻፍለት ብቻ ነው! ስለዚህ የማረጋገጫውን ጽሑፍ እንደልብ የማያስቀይር ሶፍትዌር ከዝርዝራችን ወጣ። የእኛ መልእክት ሁለቱንም ይጽፋል። ኢትዮጵያና ዩጋንዳ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ስለሆኑ ሌላ ሒሳብ የለም፤ ሶፍትዌሩን ስታስተካክሉ ብቻ ቀጠናው አሜሪካ ላይ አለመቅረቱን አረጋግጡ። ደግሞ በአጭር የጽሑፍ መልእክት በአማርኛ ስትልኩ ዋጋው ይለያል። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ። አንዷን «እንኳን ደህና መጣችሁ» ስናስረዝም የሁለት መልእክት ሒሳብ ስንከፍል ነው ያወቅነው። አሁን በዋትስአፕ ነው የምንልከው።

ምግቡ ላይ «ጾም ወይስ ፍስክ?» የሚል ጥያቄ አለን፤ በጾም ወራት ለሐበሻ እንግዳ የግድ ነው። በእንግሊዝኛ «ጾም» ብሎ ያነበበ የካምፓላ እንግዳ ግን ምንም አለመብላት ይመስለዋል። ፎርሙን ስንሞክር አንድ ወዳጃችን «ጾመኛ ከሆንኩ ለምን እራት እመጣለሁ?» ብሎ ጠየቀን። የእንግሊዝኛው «ሥጋና ወተት የሌለበት» ሆነ፤ የአማርኛው እንዳለ ቀረ። የሥጋውን ነገር ለሙስሊም እንግዶቻችን እንደዚሁ ለይተን እንጠይቃለን። ዕድሜም እንጠይቃለን፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ብርዝ እንጂ ጠጅ አይቀዳም።

ከዚህ በላይ ግን አንጠይቅም። ዩጋንዳ በ2019 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥታለች፤ የሰው ስምና ስልክ የሚሰበስብ ሰው ለምን እንደሚሰበስብ መናገርና መጠበቅ አለበት፣ መዝጋቢ መሥሪያ ቤትም አለው። ሻጩ «የልደት ቀን ሰብስቡ፣ ለማስታወቂያ ይጠቅማል» ቢላችሁ ቀብድ ለመቀበል የልደት ቀን ምን ያደርጋል በሉት። በሌላ በኩል ዝርዝሩ የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ፤ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ስም፣ ስልክና ቀን በሠንጠረዥ ወጥቶ እጃችሁ ካልገባ ደንበኛው የእናንተ አይደለም። እኛ በየሳምንቱ ረቡዕ አውጥተን እናትመዋለን። የወረቀቱ ነገር ለመብራት መጥፋት ብቻ አይደለም፤ በጥር 2021 ምርጫ ጊዜ ኢንተርኔት በመላ ዩጋንዳ ለቀናት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ፌስቡክም ከዚያ ጥር ጀምሮ ለዓመታት ተዘግቶ ስለቆየ የፌስቡክ ገጽ ላይ «ቦታ ይያዙ» የሚል ቁልፍ ማንጠልጠል እዚህ አገር ብዙም አይረዳም።

ሶፍትዌር ልትገዙ ካሰባችሁ እኛ ያደረግነውን ሙከራ አድርጉ፤ የሚያስወጣው ጥቂት ሺህ ሽልንግ ነው። የ5,000 ሽልንግ የውሸት ምሽት ክፈቱ። ከራሳችሁ ስልክ አንድ ወንበር ግዙ። ገንዘቡ ወደምታወጡበት ሒሳብ ለመድረስ ስንት ቀን እንደፈጀ ቁጠሩ። ከዚያ ሌላ ወንበር ግዙና ሰርዙት፤ ገንዘቡ ወደ ገዢው ለመመለስ ስንት ቀን እንደፈጀና ስንት እንደጎደለ ጻፉ። ሁለቱን ቁጥር ይዛችሁ ማር ከምትገዙበት ቀን ጋር አስተያዩት። ሦስት ሶፍትዌሮችን በዚህ ሞክረን፣ በማስታወቂያቸው ላይ እጅግ የሚያምረው በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ወደቀ።

ሁለተኛው ሙከራ የእትዬ ነበር። የእሳቸው ስልክ ርካሽ ነው፣ መስታወቱም ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፤ እንግሊዝኛም አያነቡም። የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፤ ቀን፣ የሰው ቁጥር፣ ከነዚያ ውስጥ ስንቱ ብርዝ እንደሚጠጣ። ልጁ እነዚህን ብቻ በአማርኛ የሚያሳይ አንድ ገጽ ሠራላቸው፣ ቁጥሮቹም ትልልቅ ናቸው። ቁጥር ወንበሩ ሲሸጥ ራሱ ይቀየራል። አሁን ጠዋት ጋኑን ሳይከፍቱ በፊት ስልካቸውን ነው የሚያዩት። ደብተሩን ግን አልተዉም፤ ከስልኩ ያዩትን በእርሳስ ወደ ደብተሩ ይገለብጡታል። ባለፈው ሰኞ በደብተሩ ላይ ለሦስተኛው ቅዳሜ 14 ተጽፎ ነበር፣ አራቱ ብርዝ፤ እትዬም ለ16 ሰው የሚበቃ ማር አስለክተው ጋኑን ጣሉ።